አንደበታችን በኳስ ሜዳ

ለክርስቲያን ቤተ ሰብ በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ስለ ኳስ ጨዋታ መጻፋችን አንዳንዱን አንባቢ ሳያስገርመው አይቀርም። እኛም ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ደጋግመን አስበንበታል። ነገር ግን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ኳሱ ብቻ ሳይሆን፣ ኳሱን እያየን ከአፋችን ስለሚወጣው ቃል ነው። ቃሉ የወጣው ከእኛው አፍ፣ የሰማውም የእኛው ልጅ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ሸሽገን ከምናስቀረው ይልቅ ለሌሎች ወላጆች ማስጠንቀቂያ ይሆን ዘንድ ብንገልጠው ይሻላል ብለን ቈረጥን።

የምንኖረው በአውስትራሊያ አገር፣ ከሜልበርን ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። በዚህ ሰፈር የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች፣ ቡና ቤቶችና የበርበሬና የቅመም ሱቆች ስለሚገኙ፣ ከአገሩ የራቀ ሰው የቡናውና የእጣኑ መዓዛ ሲሸተው ለጥቂት ጊዜ ናፍቆቱን ያስታግሣል። ይሁን እንጂ ፉትስክሬይ በአገሩ ተወላጆች ዘንድ ይልቁን የታወቀው በኳስ ቡድኑ ነው። ዛሬ ዌስተርን ቡልዶግስ የሚባለው ቡድን እስከ 1996 ድረስ የሚጠራው በዚሁ በሰፈሩ ስም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እኛም በዚህ አገር ስንኖር፣ መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ለመግባባት፣ ኋላም ከልብ በመነጨ ፍቅር የዚህ ቡድን ደጋፊዎች ሆንን።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጨዋታውን ለማያውቁት አንባብያን በአጭሩ እንግለጠው። በ1858 ቶም ዊልስ የሚባል የክሪኬት ተጫዋች፣ ክሪኬት በማይኖርበት በክረምቱ ወራት የተጫዋቾች ሰውነት እንዳይላላ የእግር ኳስ ማኅበር እንዲቋቋም በጋዜጣ ጻፈ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1859፣ በሜልበርን የጨዋታው ሕግ በጽሑፍ ተደነገገ። የአገሩ ቀደምት ሕዝቦችም ከዚያ አስቀድሞ ማርንግሩክ የሚባል የኳስ ጨዋታ ነበራቸው፤ የአንዱ ለሌላው መነሻነት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንቱን ያከራክራል።

ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ኳሱም እንዲሁ። ከየወገኑ 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን በእግር መምታት ወይም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ጡጫ መምታት ይፈቀዳል፤ መወርወር ግን ክልክል ነው። በየጫፉ አራት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ፣ በዳርና በዳር ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ከጨዋታው ሥርዓት ሁሉ እኛን ደስ የሚያሰኘን «ማርክ» የሚባለው ነው። አንድ ተጫዋች ቢያንስ 15 ሜትር ርቀት በእግር ተመትቶ የመጣውን ኳስ ማንም ሳይነካው ከአየር ላይ ቢቀልብ፣ ትግሉ ይቆምለታል። ተቃራኒው በስፍራው ቆሞ ይጠብቀዋል እንጂ አይነካውም። በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል ለባለጋራ እንዲህ ያለ የአክብሮት ጊዜ መሰጠቱ ያስደንቃል።

ሌላም ያስደነቀን ነገር አለ። በሌሎች አገሮች የሁለት ተቃራኒ ቡድኖች ደጋፊዎች እንዳይጣሉ በአጥር ተለይተው ሲቀመጡ፣ በዚህ ጨዋታ ግን ባለጋራዎች በአንድ ወንበር ረድፍ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ እናት ሕፃንዋን ታቅፋ ትመጣለች። እንግዲህ በመካከላቸው አጥር ስለሌለ፣ አጥሩ የየሰዉ አንደበት ነው ማለት ነው።

የቡድናችን ምልክት ውሻ መሆኑ በቤታችን ብዙ ሳቅ አስነሥቷል። አያቱ ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ ልጃችን የውሻ ሥዕል ያለበትን የአንገት ልብስ አጥልቆ ስለ «ውሾቹ» ሲዘምር ሰምታ፣ «ምነው ልጆቼ፣ የክርስቲያን ልጅ ውሻ ነኝ ብሎ ይዘፍናልን?» ብላ ደነገጠች። በእኛ ቋንቋ ሰውን በውሻ መጥራት ከስድብ ሁሉ የከፋ ሲሆን፣ በዚህ ሰፈር ግን ቃሉ የጀግንነትና የታማኝነት ስም መሆኑን ብናስረዳት፣ «ለእነርሱ ይሁንላቸው፤ እናንተ ግን በአማርኛ እንዳትሉት» ብላ ዘጋችው። በዚያን ጊዜ ስቀን አለፍነው። አንድ ቃል በአንዱ ዘንድ ጨዋታ፣ በሌላው ዘንድ ቊስል ሊሆን እንደሚችል የተረዳነው ግን ከጊዜ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኑዛዜያችን እንምጣ። ልጃችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዶክላንድስ ወደሚገኘው ትልቅ ሜዳ ይዘነው ሄድን። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ አንገት ለአንገት የተናነቀ ነበር። የእኛ ተጫዋች ኳሱን ይዞ ሲታገል ዳኛው ፊሽካ ነፋና ኳሱን ለተቃራኒው ወገን ሰጠ። ያን ጊዜ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን፣ ሁለት እጃችንን ዘርግተን፣ በአማርኛ «አንተ ዕውር! ዐይንህን ምን ጋረደህ? የማነው ደንቆሮ!» ብለን ጮኽን። በእንግሊዝኛ ያልተናገርነው ከጨዋነት የተነሣ አልነበረም፤ የሚሰማን የለም ብለን ነው እንጂ። ለሥራና ለሰላምታ የአገሩን ቋንቋ እየተጠነቀቅን ስንናገር፣ የምንጸልይበትንና ልጃችንን የምንመርቅበትን ቋንቋ የስድብ መደበቂያ አደረግነው።

ልጃችን ቀና ብሎ አየንና፣ «አባዬ፣ ዳኛው አማርኛ ይሰማሉ?» ብሎ ጠየቀን።

«የለም፣ አይሰሙም» አልነው። እርሱ በአንቱታ ስለ ጠየቀን፣ እኛም ሳናስበው በአንቱታ መለስን።

ጥቂት ዝም አለና፣ «ታዲያ ማን እንዲሰማ ነው?» አለ።

መልስ አልነበረንም። በዚያ ሜዳ ከተሰበሰበው ብዙ ሺህ ሕዝብ መካከል የተናገርነውን ቃል የተረዳው፣ እስከምናውቀው ድረስ፣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም በጎናችን የተቀመጠው ልጃችን ነው። በዳኛው ላይ የወረወርነው ድንጋይ ዳኛውን ሳይነካ ልጃችንን መታ። የከፋው ደግሞ፣ እኛ «አንተ» ብለን ያዋረድነውን ሰው ልጁ «እርሳቸው» ብሎ ማክበሩ ነው። ይህንንም አክብሮት ያስተማርነው እኛው ነበርን። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ «ታላላቆችህን አንቱ በል» እያልን የዘለፍነው ልጅ ትምህርቱን ከእኛ ይልቅ አጥብቆ ይዞታል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ፤ ልዩነቱ ግን የዚህ ልጅ ትምህርት እውነት ሆነ።

በውጭ አገር የምንኖር ወላጆች ስንሰበሰብ ዘወትር የምናማርረው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ንጉሡም ድኻውም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ ልጆቻችን አንቱታን እየረሱ አክብሮትን አጡ እንላለን። ቅሬታው መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ያን ቀን አክብሮት የጎደለው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ነበር፤ ያጎደለውም ልጅ ሳይሆን አባት ነው። አንቱታ የአክብሮት ልብስ እንጂ አክብሮት ራሱ አይደለም። ሰውን በአንቱታ እየጠራ የሚያዋርድ አለ፤ አንቱታ በሌለው ቋንቋ እየተናገረ የሚያከብርም አለ። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ አንደበትን ብዙ ዱር ከሚያቃጥል ትንሽ እሳት ጋር ያመሳስለዋል፤ ምርቃትና ርግማን ከአንድ አፍ መውጣታቸውንም ይነቅፋል። ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ለኳስ ሜዳ ወንበር የተጻፈ ግን አልመሰለንም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታውን በሌላ ዐይን ማየት፣ ታሪኩንም በሌላ ልብ ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ ያስተዋልነው የዳኞቹን ነገር ነው። ከ2023 ጀምሮ በትልቁ ውድድር በአንድ ጨዋታ አራት የሜዳ ዳኞች ያገለግላሉ። ከእነርሱም ሌላ የመስመርና የግብ ዳኞች አሉ፤ የግቡ ዳኛ ሙሉ ግብ ሲገባ ሁለት ባንዲራ፣ አንድ ነጥብ ሲሆን አንድ ባንዲራ ያውለበልባል። ዳኞች ነጭ ልብስ ይለብሱ በነበረበት ዘመን ተመልካቹ በነጭ ትል እየመሰለ ይሰድባቸው ነበር፤ ስድቡም ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት ተላለፈ። የሚያስገርመው ግን፣ በዚህ ጨዋታ ከክብሮች ሁሉ የላቀውን፣ በ1924 የተጀመረውን የብራውንሎ ሜዳልያ የሚቀበለውን ተጫዋች የሚመርጡት እነዚሁ የሚሰደቡት የሜዳ ዳኞች ናቸው። ሜዳልያው የሚሰጠውም በችሎታው ብቻ ለበለጠ ሳይሆን፣ በጨዋነቱም ለተመሰገነ ነው፤ በዚያ ዓመት በጥፋት ከጨዋታ የታገደ ሰው ሊሸለመው አይችልም።

በ2022 የሊጉ አስተዳዳሪዎች አንድ ደንብ አጠበቁ። በዳኛው ፍርድ የተቈጣ ተጫዋች ክፉ ቃል ቢናገር፣ ወይም ቃል ሳይናገር እጆቹን ዘርግቶ ንቀቱን ቢያሳይ፣ ተቃራኒው ወገን ኳሱን ይዞ 50 ሜትር ወደ ፊት እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ለደንቡ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ በየሰፈሩ ሜዳ የዳኞች ቊጥር ማነሱና ብዙዎች ስድቡን ባለመቻል ሥራውን መተዋቸው ነው። ብዙ ደጋፊዎች ደንቡን ነቀፉት፤ እጅ መዘርጋት እንዴት ጥፋት ይሆናል አሉ። እኛ ግን እጃችንን ዘርግተን የጮኽንበትን ቅዳሜ አስበን ዝም አልን።

ሁለተኛው ያነበብነው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በኤፕሪል 17 ቀን 1993 የሴይንት ኪልዳ ቡድን በኮሊንግዉድ ሜዳ፣ በቪክቶሪያ ፓርክ ተጫውቶ አሸነፈ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ ኒኪ ዊንማር የሚባል፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ የኑንጋር ሕዝብ የተወለደ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለ ቆዳው ቀለም ከተመልካቹ የሚወርድበትን ስድብ ሲሰማ ውሎ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ተሳዳቢዎቹ ዞረ። በስድብ አልመለሰም፤ ድንጋይም አላነሣም። መለያውን ከፍ አድርጎ የገዛ ቆዳውን በጣቱ አሳየ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ያንን ቅጽበት አስቀሩት፤ በ2019ም አኳኋኑ በነሐስ ተቀርጾ በፐርዝ ከተማ ሜዳ አጠገብ ቆመ። ለሺህ ተሳዳቢ አንድ ጸጥ ያለ ጣት መልስ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የኤሰንደን ተጫዋች የነበረው ማይክል ሎንግ በጨዋታ መካከል በዘሩ ተሰደብሁ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ቀድሞ በሜዳ የተባለው በሜዳ ይቀር የሚል ልማድ ነበር፤ እርሱ ግን ይህ አይቀርም አለ። በዚያው ዓመት ሊጉ ተጫዋቾች አንዳቸው ሌላውን በዘር፣ በቀለም ወይም በሃይማኖት እንዳይሳደቡ የሚከለክል ደንብ አወጣ። በደንቡ ተበዳይና በዳይ አስቀድመው በሽማግሌ ፊት ተገናኝተው እንዲነጋገሩና እንዲታረቁ መንገድ መከፈቱን ስናነብ፣ የአገራችን ሽምግልና ትዝ አለን። ሃይማኖት በደንቡ መካተቱንም በዚህ መጽሔት አንባብያን ፊት ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም፤ በሰው እምነት ላይ የሚወረወር ቃል በቆዳው ላይ ከሚወረወረው የቀለለ አይደለምና።

ሦስተኛው ታሪክ የአዳም ጉድስ ነው። ይህ ሰው ለሲድኒ ስዋንስ 372 ጨዋታ የተጫወተ፣ የብራውንሎን ሜዳልያ በ2003ና በ2006 ሁለት ጊዜ የተሸለመ ነው። በሜይ 24 ቀን 2013፣ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች በሚከበሩበት ሳምንት፣ በሜልበርን ትልቁ ሜዳ ሲጫወት ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ በዝንጀሮ ስም ጠራው። ዘወር ብሎ በጣቱ አመለከተ፤ ጠባቂዎችም ተሳዳቢውን ከሜዳ አስወጡ። ተሳዳቢው የ13 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። በማግሥቱ ጉድስ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ልቡ መሰበሩን ሳይሸሽግ፣ ጥፋቱ የልጅቱ አይደለምና ሰው እንዳይፈርድባት፣ ይልቁንም እንዲደግፋትና እንዲያስተምራት ለመነ። እርስዋም ይቅርታ ጠየቀችው፤ ቃሉ እንዲህ ያለ መርዝ እንዳለበት አላወቀችም ነበርም ተባለ።

ይህን ያነበብነው ልጃችን ዕድሜው ከዚያች ልጅ ዕድሜ ጋር በተካከለበት ወራት ነው። ሌላው አንባቢ ምናልባት ስለ ተሰዳቢው ብቻ ያዝን ይሆናል። እኛ ግን ስለ ልጅቱም አዘንን። ቃሉን ከራስዋ አልፈጠረችውም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ከአንድ ትልቅ ሰው አፍ ሰምታዋለች። ያ ትልቅ ሰው ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ በጋዜጣም አልወጣም። ልጅቱ ግን ወጣች። ወላጆች ሆይ፣ የእኛ ቃል በልጆቻችን አፍ አደባባይ የሚወጣበት ቀን እንደሚመጣ እናስብ።

የጉድስ መከራ በዚያ አላበቃም። በ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብሎ ተሸለመ፤ በዘረኝነት ላይ መናገሩንም ስላላቆመ፣ በ2015 ኳስ በነካ ቊጥር በየሜዳው ብዙ ሕዝብ በአንድነት ይጮኽበት ጀመር። ጩኸት ቃል የለውም። ስለዚህ ከሚጮኹት ብዙዎቹ «እኛ ስድብ አልተናገርንም» ይሉ ነበር። ነገር ግን ሰውን ለማዋረድ የግድ ቃል አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ጨዋታውን ተወ። በ2019 ሊጉና 18ቱ ቡድኖች አልደረስንልህም ብለው ይቅርታ ጠየቁት። በ2021 በታላላቆቹ የክብር መዝገብ ስሙን ሊያሰፍሩ ሲወዱ ግን እርሱ አልተቀበለም። ይቅርታ መጠየቅ መልካም ነው፤ በጊዜው ያልተነገረ ይቅርታ ግን የተሰበረውን ሁሉ አይጠግንም።

ይህን ሁሉ አንብበን የተማርን መስሎን ሳለ፣ ትምህርቱ በቤታችን ደጅ መጣ። ልጃችን 14 ዓመት ሲሞላው በሰፈሩ የሕፃናት ጨዋታ በዳኝነት ለማገልገል ተመዘገበ። በዚህ አገር የትንንሾቹን ልጆች ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚዳኙት እንደ እርሱ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ጥቂት የኪስ ገንዘብም ያገኙበታል። ፊሽካውን ባንገቱ አጥልቆ ሲሮጥ አይተን ደስ አለን። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን በአንድ ፍርድ የተቈጣ አባት፣ ከሜዳው ዳር ቆሞ፣ በእንግሊዝኛ «ዕውር ነህን?» ብሎ ጮኸበት። ያ ቃል እኛ በአማርኛ የጮኽነው ቃል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ አስተርጓሚ ወደ እኛ ተመለሰ።

ያንን ሰው ቀርበን ልንወቅሰው እግራችንን አንሥተን ነበር። ነገር ግን ምን ብለን? የእርሱ ቃልና የእኛ ቃል አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ በሚሰማ ቋንቋ መናገሩ ብቻ ነው። ልጃችን ፊቱ ቀልቶ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ዳኘ። በመኪና ስንመለስ ብዙ መንገድ በዝምታ ከሄድን በኋላ፣ «ሰውዬው እኮ አያውቁኝም» አለ። የሰደበውንም ሰው እንኳ በአንቱታ ነበር የጠራው።

በዚያ ማታ ከእራት በኋላ፣ እናቱ ባለችበት፣ ልጃችንን ይቅርታ ጠየቅነው። «በዶክላንድስ ሜዳ የተናገርነውን ታስታውሳለህን?» አልነው። «አስታውሳለሁ» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ተነሥቶ ግን ጉልበታችንን ሳመ። በሚከተሉት ሁለት ቅዳሜዎች ፊሽካውን በመስኮቱ ላይ ትቶ ከቤት ዋለ፤ እኛም አላስገደድነውም። በሦስተኛው ቅዳሜ በጠዋት ተነሥቶ መለያውን ለብሶ አገኘነው። አብረነው ሄድን፤ ከሜዳው ዳርም ቆመን ለሁለቱም ወገን ሕፃናት አጨበጨብን።

ሜዳው ስድብ ብቻ የሚማሩበት ስፍራ እንዳይመስል አንድ መልካም ነገር እንጨምር። ቡድናችን ከ1954 በኋላ ዋንጫ ሳያይ 62 ዓመት ቈይቶ፣ በ2016 ሲድኒን 89 ለ67 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የቡድኑ አለቃ ቦብ መርፊ በዓመቱ መጀመሪያ ጉልበቱን ተጎድቶ ስለ ነበር በዚያ ቀን አልተጫወተም። አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ የአሸናፊ አሠልጣኝ ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ መርፊን ወደ መድረኩ ጠርቶ፣ ሜዳልያውን ከገዛ አንገቱ አውልቆ ባንገቱ አጠለቀለት። ያየው ሕዝብ ብዙው አለቀሰ። በዚያን ጊዜ ማንም «አንቱ» አላለም፤ ቋንቋውም አንቱታ የለውም። ነገር ግን አንድ ሰው በብዙ ሕዝብ ፊት እንዴት እንደሚከበር ልጃችን በቴሌቪዥን አየ።

እኛም በቤታችን ጥቂት ሥርዓት አቆምን። የንስሓ አባታችን ከጎናችን ቢቀመጡ የማንናገረውን ቃል በሜዳ አንናገርም፤ በአማርኛም ቢሆን። የባለጋራው ተጫዋች መልካም ሲሠራ ስሙን ጠርተን እናመሰግናለን። ዳኛው ተሳሳተ ብለን ብናምን «ተሳሳቱ» እንላለን፤ ስሕተትን መናገር ነውር አይደለም፣ የተሳሳተውን ሰው ማዋረድ ነው እንጂ። የውድድሩ ዘመን በማርች ሲከፈት ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፤ አባቶቻችን ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዐይንና የአንደበትም መሆኑን ስለሚያስተምሩን፣ ዓመቱን በአንደበት ጾም እንጀምራለን። የዋንጫው ጨዋታም እንደ ልማዱ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ሲሆን የመስቀል በዓል ሰሞን ነው፤ በ2025ማ በዕለተ መስቀል ሴፕቴምበር 27 ቀን ዋለ። ከደመራው ብርሃን የተመለሰ አፍ በማግሥቱ ስድብ ሊያወጣ አይገባውም።

ከዚያ ወዲህ አንደበታችን ከቶ አልሳተም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ዛሬም ጨዋታው ሲጠብቅ ከመቀመጫችን ብድግ የምንልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ፣ አሁን በቁመት የሚበልጠን ልጃችን እጅጌያችንን ያዝ ያደርግና በለሆሳስ፣ «አባዬ፣ ይሰማሉ» ይለናል። እኛም እንቀመጣለን።

እውነትም ይሰማሉ። ዳኛው ባይሰሙ በአጠገባችን ያለው ልጅ ይሰማል፤ ልጁም ባይሰማ አንደበትን የፈጠረና የቋንቋዎች ሁሉ ጌታ የሆነ እርሱ ይሰማል። እርሱ ለአፋችን ጠባቂ፣ ለቤታችንም የሰላም ቃል ይስጥልን፤ አሜን።